ከጅማ ወደ ሙኒክ፦ ስለ ልውውጥ ተማሪ ኑሮ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለአንድ ወይም ለሁለት ሴሚስተር ከጅማ ወደ ሙኒክ ለሚሄዱ ተማሪዎችና ለሚሸኟቸው ቤተሰቦች።

የልውውጥ ተማሪ ስሆን የማን ተማሪ ነኝ? ዲግሪውስ ከየት ነው?

የጅማ ተማሪ እንደሆናችሁ ትቆያላችሁ፤ ዲግሪውም ከጅማ ነው። ሙኒክ ላይ ተመዝግባችሁ ትማራላችሁ፣ ትፈተናላችሁ፣ ውጤቱ ተልኮ የትምህርት ክፍላችሁ ይቆጥርላችኋል። ልውውጥ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች በሚፈራረሙት ውል ስለሚሠራ መጀመሪያ የምታንኳኩት በር የጀርመኑን ሳይሆን የራሳችሁን ትምህርት ክፍልና የዩኒቨርሲቲውን የውጭ ግንኙነት ቢሮ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ኢራስመስ ፕላስ ፕሮግራም ከኢትዮጵያ ለሚሄዱ ተማሪዎችም የወር ድጎማ ይከፍላል።

ስለ ትምህርት ክፍያ ኢንተርኔት ላይ የሚያዩት ቁጥር ብዙዎችን ያስደነግጣል። የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ከ2024/25 (እ.ኤ.አ.) የትምህርት ዘመን ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጡ አዲስ ተማሪዎችን በሴሚስተር ከ2,000 እስከ 6,000 ዩሮ ያስከፍላል። ይህ ዲግሪ ለመያዝ ለሚመዘገቡት ነው፤ በልውውጥ ለሚሄድ አይመለከትም።

መቼ ሄጄ መቼ እመለሳለሁ?

አንደኛው ሴሚስተር ከኦክቶበር 1 እስከ ማርች 31፣ ሁለተኛው ከኤፕሪል 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ይቆጠራል። ክፍል የሚገባው ግን ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ ፌብሩዋሪ መጀመሪያ፣ ቀጥሎም ከኤፕሪል አጋማሽ እስከ ጁላይ ነው። አንድ ቃል እንዳያሳስታችሁ፦ እነሱ ‹የክረምት ሴሚስተር› የሚሉት የብርዱን ወራት ነው። የእኛ ክረምት፣ ሐምሌና ነሐሴ፣ እዚያ የሙቀት ወቅት ነው። ዝግጅቱን ቢያንስ ከስድስት ወር በፊት ጀምሩ።

ቪዛውን ጅማ ሆኜ መጨረስ እችላለሁ?

አትችሉም። የጣት አሻራ የሚሰጠው አዲስ አበባ በአካል ቀርቦ ነው፤ ስለዚህ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለውን መንገድ ቢያንስ አንድ ጊዜ ትሄዳላችሁ። ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ የሚያመላልሰው አብዛኛውን ጊዜ የጎደለ ወረቀት ነው። ከ90 ቀን በላይ ስለምትቆዩ የምትጠይቁት የቱሪስት ሳይሆን ‹ዲ› የሚባለውን የረጅም ጊዜ ቪዛ ነው። ክፍያው 75 ዩሮ ሲሆን በመንግሥት ገንዘብ ስኮላርሺፕ ያገኘ ሰው ከክፍያው ነፃ ይሆናል። የቅበላ ደብዳቤ፣ የትምህርት ስምምነት (እናንተ፣ ጅማና ሙኒክ የምትፈርሙት የኮርሶች ዝርዝር)፣ የገንዘብ ማስረጃ፣ የጤና መድን፣ ፓስፖርትና የትምህርት ማስረጃ ከነቅጂያቸው ይያዛሉ።

ብዙ ማመልከቻ የሚሰናከለው በስም አጻጻፍ ነው። መሐመድ የሚለው ስም በላቲን ፊደል ፓስፖርቱ ላይ በ‹ኦ›፣ ትራንስክሪፕቱ ላይ በ‹ዩ›፣ የልደት ሰርተፍኬቱ ላይ ደግሞ መሐሉ ላይ በአንድ ‹ኤም› ብቻ ከተጻፈ፣ ወረቀቶቹን ለሚያየው ሰው ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ደርድራችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩ። ልዩነት ካለ ፓስፖርቱን መሠረት አድርጋችሁ ሬጅስትራር ዘንድ ሄዳችሁ አስተካክሉ፤ ይህ ጅማ ላይ የሚያልቅ ሥራ ነው፣ አዲስ አበባ ከደረሳችሁ በኋላ ግን አያልቅም።

እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ቅጽ ላይ ምን ልጻፍ?

ፓስፖርታችሁ ላይ ‹የቤተሰብ ስም› በሚለው ቦታ የሰፈረውን ጻፉ፤ ብዙ ጊዜ የአያት ስም ነው። ከዚያ በኋላ ቤት ስትከራዩም፣ ባንክ ስትከፍቱም፣ ሐኪም ቤትም የምትጠሩት በአያታችሁ ስም ነው። ተራ ስትጠብቁ ‹ሄር አባጊቤ› ወይም ‹ፍራው ተሰማ› የሚል ድምፅ ከሰማችሁ እናንተ ናችሁ፤ ‹ሄር› አቶ፣ ‹ፍራው› ወይዘሮ እንደማለት ነው። አንዴ በአባት፣ አንዴ በአያት ስም እየቀያየሩ መጻፍ ሁለት ፋይል ያስከፍታል፤ ማዋሃዱም ወራት ይፈጃል።

ሌላው የፖስታ ሳጥን ነው። ጀርመን ውስጥ የባንክ ካርድ፣ የምስጢር ቁጥር፣ የመድን ካርድ፣ የመንግሥት ደብዳቤ ሁሉ በፖስታ ይመጣል፤ ፖስተኛው ሳጥኑ ላይ ያንን ስም ካላገኘ ደብዳቤውን ይመልሰዋል። ክፍሉን በተረከባችሁበት ቀን ስማችሁን በትልቁ ጽፋችሁ ለጥፉ። ‹ካርዴ አልመጣም› ከሚሉት ብዙዎቹ ሳጥናቸው ላይ የቀድሞው ተከራይ ስም ሳይነሳ የቆየባቸው ናቸው።

ሰዓቱና ቀኑስ?

ከማንኛውም ስሌት በፊት ስልኩን በ24 ሰዓት አቆጣጠር አድርጉት። ‹14:00› ማለት በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ‹8:00› ሲባል ደግሞ ጠዋት 2 ሰዓት ነው፤ ከቀኑ 8 ሰዓት መስሏቸው ምዝገባ ያለፈባቸው አሉ። ሙኒክ በብርዱ ወራት ከጅማ በሁለት ሰዓት፣ በሙቀቱ ወራት በአንድ ሰዓት ትዘገያለች። ለውጡ የሚደረገው በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ነው። በታኅሣሥ እናንተ ከምሽቱ 1 ሰዓት ስትደውሉ እናታችሁ ዘንድ 3 ሰዓት ነው፤ እንቅልፍ ሳይወስዳቸው ለመድረስ ይህን አስቡ።

ቀን ሲጻፍ ቀኑ ይቀድማል፤ ‹03.04.› ኤፕሪል 3 ነው። የልደት ቀናችሁን ከኢትዮጵያ አቆጣጠር በራሳችሁ እየቀየራችሁ አትጻፉ፤ ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ብቻ ገልብጡ።

ምን ያህል ገንዘብ ያስፈልገኛል?

ጀርመን ለአንድ ተማሪ ለኑሮ ያስፈልጋል ብላ ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ የቆረጠችው መጠን በወር 992፣ በዓመት 11,904 ዩሮ ነው። ስኮላርሺፕ ያለው በደብዳቤ ያረጋግጣል። የሌለው ደግሞ ገንዘቡን አስቀድሞ ‹ስፐርኮንቶ› በሚባለው፣ በየወሩ የተወሰነውን ብቻ በሚለቅ ዝግ ሒሳብ ያስገባል። ሙኒክ ከጀርመን ከተሞች ሁሉ ቤት የሚወደድባት ስለሆነች ይህ ገንዘብ የሚበቃው የተማሪ መኖሪያ ላገኘ ነው።

የመጀመሪያው ወር የተለየ ነው፤ ቤተሰብ አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል። ድጎማው የሚገባው በአውሮፓ ባንክ ሒሳብ ነው። ሒሳቡን ለመክፈት ብዙ ጊዜ የነዋሪነት ምዝገባ ይጠየቃል፤ ለምዝገባው ደግሞ ቤት ያስፈልጋል። አንዱ ወረቀት ሌላውን ስለሚወልድ የመጀመሪያው ብር እጅ እስኪገባ አራትና አምስት ሳምንት ሊያልፍ ይችላል። የቤት ኪራዩ፣ የዋስትናው ገንዘብና የመድኑ ክፍያ ግን አይጠብቅም። ስለዚህ ከ1,200 እስከ 1,500 ዩሮ ይዞ መሄድ ነው የሚያዋጣው። የኢትዮጵያ ሲም ካርዳችሁንም አትጣሉ፤ የባንክና የቴሌብር የማረጋገጫ ኮድ የሚመጣው በእሱ ነው።

ቡና፣ ማር፣ ቅቤ፣ ጫት ይዤ መግባት እችላለሁ?

ጫትን በተመለከተ መልሱ አጭር ነው፦ በፍጹም። ጅማ ላይ በየመንገዱ የሚሸጠው ቅጠል ጀርመን ውስጥ በአደንዛዥ ዕፅ ሕግ የተከለከለ ነው። አንድ እስርም ቢሆን፣ ለሌላ ሰው ‹አድርስልኝ› ተብሎም ቢሆን፣ በወንጀል ያስጠይቃል፤ ቪዛንም ያሳጣል። የታሸገ ዕቃ አድርሱ ብሎ የሚሰጣችሁ ሰው ቢኖር ፊቱ ፈትታችሁ እዩ። በዚህ ማፈር አይገባም።

ሥጋና የወተት ውጤት ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ በተጓዥ ሻንጣ አይገባም። ቋንጣ፣ ንጥር ቅቤ፣ አይብ ሁሉ ተወስዶ ይጣላል። እናቶች በፍቅር የሚቋጥሩት ጩኮም ቅቤ ስላለበት ለክርክር ይዳርጋል፤ ባይያዝ ይሻላል። ማር ግን እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። የሚፈስ ነገር ስለሆነ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ፣ በሁለት ፌስታል ታስሮ ይግባ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ ችግር የለባቸውም። ሽሮና በሶ ዱቄት ስለሆኑ ፈታሹ ይጠይቃል፤ ምንነታቸውን በእንግሊዝኛ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከረጢቱ ላይ ለጥፉ።

ቡና ተቆልቶ፣ ሳይፈጭ፣ አየር በማያስገባ ከረጢት ይሂድ። ለምን ተቆልቶ እንደምንል ከታች በጀበናው ጥያቄ ላይ ታገኛላችሁ። የኤሌክትሪክ ሶኬቱ ከእኛ ክብ ባለሁለት ቀዳዳ ጋር ስለሚገጥም ቻርጀር መቀየሪያ አያስፈልግም።

ቤት እንዴት ነው የሚገኘው?

የቅበላ ደብዳቤው በደረሳችሁ ቀን ለተማሪ መኖሪያ ማመልከቻ ላኩ፤ ነገ አትበሉ። ለልውውጥ ተማሪዎች የተያዙ ክፍሎች አሉ፤ ግን ጥቂት ናቸው። እዚያ አንድ ክፍል ከ300 እስከ 450 ዩሮ አካባቢ ሲሆን፣ በግል ከሌሎች ጋር በሚጋሩት ቤት 700 እና 800 ዩሮ የተለመደ ነው። ዋስትናው በሕግ ከሦስት ወር ጥሬ ኪራይ፣ ማለትም የማሞቂያና የመሳሰለው ወጪ ካልተጨመረበት ኪራይ፣ አይበልጥም።

‹ባለቤቱ ውጭ አገር ነኝ፤ ገንዘቡን ላክ፣ ቁልፉን በፖስታ እልካለሁ› የሚል ሁሉ አጭበርባሪ ነው። ጅማ ሆኖ ቤት የሚፈልግ ሰው ሄዶ ማየት ስለማይችል ለእነዚህ ቀላል ሲሳይ ነው። ሙኒክ ያለ ሰው በአካል ሳያየው አንድ ዩሮ አትላኩ። የሚያይላችሁ ከሌለ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የወጣቶች ሆስቴል ተከራይታችሁ እዚያ ሆናችሁ ፈልጉ። ሆስቴል ግን ብዙውን ጊዜ ለነዋሪነት ምዝገባ እንደማያገለግል እወቁ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ምን ማድረግ አለብኝ?

ቤት ከገባችሁበት ቀን ጀምሮ በሁለት ሳምንት ውስጥ የነዋሪነት ምዝገባ ማድረግ ግዴታ ነው፤ ‹አንሜልዱንግ› ይሉታል። የቀበሌ መታወቂያ እንደማውጣት አድርጋችሁ ብትወስዱት ትርጉሙ ይገባችኋል፤ ያለ እሱ ሌላው ሁሉ አይንቀሳቀስም። ፓስፖርት፣ ቅጹና አከራዩ ፈርሞ የሚሰጣችሁ የመግቢያ ማረጋገጫ ይያዛል። የኪራይ ውሉ ብቻውን አይበቃም፤ ማረጋገጫውን ቁልፍ በምትረከቡበት ሰዓት ጠይቁ። የኢንተርኔት ቀጠሮው ቶሎ ስለሚሞላ ጠዋት በማለዳ ገጹን ክፈቱ።

ቅጹ ላይ ሃይማኖት የሚል መጠይቅ አለ። ‹ፕሮቴስታንት› ወይም ‹ካቶሊክ› ብሎ የሞላ ሰው የገቢ ግብር የሚከፍልበት ሥራ ሲጀምር ሙኒክ ባለችበት በባቫሪያ ክልል የግብሩን 8 በመቶ የቤተ ክርስቲያን ግብር ይከፍላል። እምነትን መካድ አይደለም ነገሩ፤ ሳያውቁ መሙላት እንዳይሆን ነው።

ከሳምንታት በኋላ ስለ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ክፍያ ደብዳቤ ይመጣል። በወር 18.36 ዩሮ ነው፣ ቴሌቪዥን ባይኖራችሁም። የሚከፈለው በቤት እንጂ በነፍስ ወከፍ ስላልሆነ፣ በጋራ ቤት ውስጥ አንዱ የሚከፍል ከሆነ የእሱን የክፍያ ቁጥር ጽፋችሁ መልሱ። ደብዳቤውን ችላ ያለ ቅጣት ይጨመርበታል።

ብታመም ምን አደርጋለሁ?

ያለ ጤና መድን ዩኒቨርሲቲው አይመዘግባችሁም። ከ30 ዓመት በታች ላለ ተማሪ የሕዝባዊው መድን ክፍያ በወር ከ140 እስከ 150 ዩሮ አካባቢ ነው። መጀመሪያ የሚኬደው ወደ ሆስፒታል ሳይሆን ወደ ሰፈር ሐኪም ነው። ማታና እሑድ፣ ለሞት የማያሰጋ ከሆነ 116117 ይደወላል፤ ለአስቸኳይ 112፣ ለፖሊስ 110። ፋርማሲ ገብቶ አሞክሳሲሊን ስጡኝ ማለት እዚያ የለም፤ አንቲባዮቲክ በሐኪም ማዘዣ ብቻ ነው። ለታዘዘ መድኃኒት ከኪሳችሁ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ዩሮ ትጨምራላችሁ።

አሁን የሚከተለውን ልብ ብላችሁ አንብቡ። ጅማና አካባቢዋ ወባ አለ። ሙኒክ ከደረሳችሁ በኋላ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የራስ ምታት ከያዛችሁ ሐኪሙ የሚያስበው ጉንፋን ነው፤ ወባ በየቀኑ የሚያየው በሽታ አይደለም። ‹ወባ ካለበት አገር ነው የመጣሁት፤ የደም ምርመራ ይደረግልኝ› ብላችሁ በግልጽ ተናገሩ። ፋልሲፓረም የሚባለው ዓይነት በቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ቫይቫክስ የሚባለው ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ይነሳል፤ ስለዚህ በመስከረም የሄደ ሰው በመጋቢትም ቢያተኩሰው ይህንኑ ይናገር። ጅማ እያላችሁ ወባ ይዟችሁ ከነበረ ዓይነቱንና የወሰዳችሁትን መድኃኒት ጽፋችሁ ያዙ።

በከተማው ውስጥ እንዴት ነው የምንቀሳቀሰው?

ከምድር በታች ባቡር፣ የከተማ ዳርቻ ባቡር፣ ትራምና አውቶቡስ በአንድ ቲኬት ይሠራሉ። ባጃጅ ወይም ታክሲ ላይ ተሳፍሮ ለረዳት መክፈል የለመደ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ጣቢያው በር የለውም፣ የሚጠይቅ ሰው የለም፤ ዝም ብሎ መግባት ይቻላል። ድንገት ግን ሲቪል የለበሱ ተቆጣጣሪዎች ይነሳሉ፤ ቲኬት የሌለው 60 ዩሮ ይቀጣል። የወረቀት ቲኬት ገዝቶ በትንሿ ሰማያዊ ማሽን ያላስመታም እንደሌለው ይቆጠራል። ‹አላወቅሁም› አያድንም።

ዘላቂው መፍትሔ የወር ቲኬት ነው። ‹ዶይችላንድቲኬት› ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ በወር 63 ዩሮ ሲሆን ለተማሪ ቅናሽ ስላለ መጀመሪያ እሱን ጠይቁ። በመላው አገሪቱ በከተማና በክልል ባቡሮች ይሠራል፤ በፈጣኑ አይ.ሲ.ኢ. ባቡር ግን አይሠራም። ራሱን እያደሰ የሚቀጥል ስለሆነ ወር ከገባ እስከ 10ኛው ቀን ካልሰረዛችሁት የሚቀጥለውንም ወር ያስከፍላል።

የጾም ምግብና ሐላል ሥጋ አገኛለሁ?

ሁለቱም ይገኛል። ለጾመኛ ዕቃው ላይ ‹ቬጋን› የሚለውን ፈልጉ፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የሌለበት ማለት ስለሆነ ከእኛ የጾም ምግብ ጋር አንድ ነው። ‹ቬጌታሪሽ› የሚለው ግን የጾም አይደለም፤ ሥጋ ባይኖረውም አይብና እንቁላል ይገባበታል። ሁለቱም ብዙ ጊዜ በአረንጓዴ ምልክት ስለሚታተሙ ምልክቱን ሳይሆን ቃሉን አንብቡ። የዩኒቨርሲቲው ካፍቴሪያ፣ ‹ሜንዛ› የሚሉት፣ በየቀኑ የጾም የሚሆን ምግብ አለው፤ ከ3 እስከ 5 ዩሮ ይበላል። ሐላል ሥጋ በዋናው ባቡር ጣቢያ አካባቢ ባሉት የቱርክና የዓረብ ሱቆች ታገኛላችሁ። ካፍቴሪያው ላይ ጥያቄ ካላችሁ ስለ አሳማ ብቻ ሳይሆን በጄላቲንና በወይን ስለተሠራ ስጎም ጠይቁ።

ሱቅ በባቫሪያ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በ20:00፣ በእኛ ማታ 2 ሰዓት፣ ይዘጋል። እሑድ ሙሉ ቀን ዝግ ነው፤ ጣቢያ ውስጥ እንዳሉት ያሉ ጥቂቶች ብቻ ይከፈታሉ፣ እነሱም ውድ ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት መገብየትን ልማድ አድርጉ። የውኃና የለስላሳ ዕቃ አትጣሉ፦ ለጣሳና ለአንድ ጊዜ ፕላስቲክ 25 ሳንቲም፣ ደጋግሞ ለሚሞላ ፕላስቲክ 15 ሳንቲም፣ ለቢራ ጠርሙስ 8 ሳንቲም ሱቅ ውስጥ ያለው ማሽን ይመልሳል።

እንጀራ መጋገር ለምትፈልጉ፣ የጤፍ ዱቄት በተፈጥሮ ምግብ ሱቆች ይሸጣል፤ ውድ ነው። ብዙዎች ከገብስ ወይም ከስንዴ ጋር ይቀላቅላሉ። በብርዱ ወራት ሊጡ ሦስትና አራት ቀን ካልቆየ አይቦካም፤ ማሞቂያው አጠገብ አድርጉት። የኤሌክትሪክ ምጣድ እስከ 3,500 ዋት ይስባል፤ የቤቱ መስመር አብዛኛውን ጊዜ 16 አምፔር ስለሆነ ማንቆርቆሪያ አብሮ ከተሰካ መብራቱ ይጠፋል። የማይዝ ሰፊ መጥበሻ ከነክዳኑ ይበቃል።

ክፍሌ ውስጥ ቡና ማፍላት እችላለሁ?

ማፍላት ትችላላችሁ፤ መቁላት አትችሉም። በየክፍሉ ጣሪያ ላይ የጭስ መጠቆሚያ አለ። ቡናው ቡን ማለት ሲጀምር፣ ያ ደስ የሚለው ጭስ ሲወጣ፣ ደወሉ ይጮሃል። በአንዳንድ ሕንፃ መጠቆሚያው በቀጥታ ከእሳት አደጋ ጋር የተገናኘ ስለሆነ መኪና ይመጣል፤ ሒሳቡም ደወሉን ላስነሳው ሰው ሊደርስ ይችላል። ዕጣንም እንዲሁ ነው። መጠቆሚያውን በፌስታል መሸፈን ደግሞ ከቤት የሚያስወጣ ጥፋት ነው። ጅማ ላይ አስቆልታችሁ ሂዱ የምንለው ለዚህ ነው።

ጀበናውን ሻንጣ ውስጥ አትክተቱት፤ ልብስ ሞልታችሁበት፣ በጋቢ ጠቅልላችሁ በእጅ ያዙት። ምድጃው ኢንዳክሽን ከሆነ ሸክላ ጨርሶ አይሞቅበትም፤ ከመግዛታችሁ በፊት የወጥ ቤቱን ዓይነት ጠይቁ። ተራ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ደግሞ ቀዝቃዛ ውኃ የሞላ ጀበና በከፍተኛ ሙቀት ከተጣደ ይሰነጠቃል። ውኃውን በማንቆርቆሪያ አሙቁ፣ ቀስ ብላችሁ ጀበናው ውስጥ ገልብጡ፣ ምድጃውን ከዝቅተኛው ጀምሩ። የጅማ ጀበና መቀመጫው ክብ ስለሆነ ማቶቱን አትርሱ።

ብርዱን እንዴት እችለዋለሁ?

በጃንዋሪ ሙቀቱ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ከዜሮ በታች 10 የሚደርስበትም ሌሊት አለ። ጅማ ላይ ወፍራም ካፖርት አትግዙ። ከውስጥ የሚለበስ ስስ ልብስ፣ ሹራብና ንፋስ የማያስገባ ጃኬት መደራረብ ነው የሚያሞቀው፤ ጃኬቱንና ውኃ የማያስገባ ጫማውን እዚያው ከሰልባጅ ሱቅ በርካሽ ታገኛላችሁ። ጋቢ ይዛችሁ ሂዱ፤ ማታ ጥናት ላይ ምትክ የለውም።

የክፍሉ ማሞቂያ ላይ ያለው ቁጥር 3 ወደ 20 ዲግሪ ያህል ነው፤ 5 ላይ ማድረግ ክፍሉን ቶሎ አያሞቀውም፣ ሒሳቡን ነው የሚያበዛው። በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ መስኮቱን ሙሉ ለሙሉ ለ5 ደቂቃ ከፍታችሁ ዝጉ። ይህ ካልተደረገ ግድግዳው ይሻግታል፤ ማሳደሻው ከዋስትናችሁ ይቆረጣል።

ከብርዱ ይልቅ ሰውን የሚጥለው ጨለማው ነው። ጅማ ላይ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ብርሃን አለ። ሙኒክ በዲሴምበር ፀሐይ ጠዋት 2 ሰዓት ወጥታ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ትጠልቃለች። መንፈስ ይከብዳል፣ እንቅልፍ ይበዛል፣ ሰው ‹ሰነፍኩ› ብሎ ራሱን ይወቅሳል። ስንፍና አይደለም። ቀትር ላይ ግማሽ ሰዓት ውጭ መራመድን ሥራዬ ብላችሁ ያዙት። ሁለት ሳምንት ካለፈና ካልተሻላችሁ ዩኒቨርሲቲው ነፃ የምክር አገልግሎት አለው፤ በእንግሊዝኛ ያነጋግራሉ።

ከሰው ጋር እንዴት ነው የምግባባው?

ጎረቤት ‹ቡና ጠጡ› ብሎ አይጠራም፣ ሳይቀጠርም በር አይንኳኳም። ይህን እንደ ጥላቻ አትዩት። እናንተ ቀድማችሁ፣ ቀንና ሰዓት ቆርጣችሁ ጥሩ፦ ‹ሐሙስ በ18:00 የኢትዮጵያ ቡና አፈላለሁ›። ይመጣሉ፣ በሰዓቱም ይመጣሉ። ምግብ ቤት ‹እንሂድ› ያለ ሁሉ የሚከፍለው የራሱን ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ድምፅ ማሰማት ክልክል ነው፤ ስልክ እየጮኹ ማውራትም ይቆጠራል።

ትምህርቱ ከጅማ በምን ይለያል?

የሚቆጣጠራችሁ የለም። አቴንዳንስ ብዙ ቦታ አይያዝም፤ ሚድ፣ ኩዊዝ፣ አሳይመንት እያሉ ውጤት መሰብሰብም ብርቅ ነው። ብዙ ኮርስ በመጨረሻው አንድ ፈተና ያልቃል። ለኮርሱ መመዝገብ ለፈተናው መመዝገብ አይደለም፤ ለፈተናው ለብቻው፣ በተወሰነ ቀን ውስጥ፣ በኢንተርኔት መመዝገብ አለባችሁ። ሴሚስተሩን ሙሉ ተምሮ ይህን የረሳ ተማሪ ባዶ እጁን ይመለሳል። የምዝገባውን ቀን በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቃችሁ ግድግዳ ላይ ጻፉ።

የክፍል ሰዓት አጠገብ ‹ሴ.ቴ.› ከተጻፈ ክፍሉ የሚጀምረው ከ15 ደቂቃ በኋላ ነው፤ 10:00 ተብሎ 10:15 ማለት ነው። ‹ኤስ.ቴ.› ከሆነ በትክክል በሰዓቱ ነው።

ሥራ መሥራት ይፈቀድልኛል?

የተማሪ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ከማርች 2024 ጀምሮ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን መሥራት ይችላል። በፈቃዱ ወረቀት ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ዝቅተኛው ደመወዝ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ በሰዓት 13.90 ዩሮ ነው፤ ከዚያ በታች ‹በእጅ ልስጥህ› የሚል አሠሪ ፈቃዳችሁን አደጋ ላይ እየጣለ ነው። ለአንድ ሴሚስተር ለሄደ ሰው ግን ምክራችን አትቁጠሩበት ነው፤ ወረቀቱ እስኪያልቅ ሁለት ወር ይሄዳል።

ያመጣሁት ውጤት ጅማ ላይ ይያዝልኛል? ለምን ‹4.0› ብሎ ሰጠኝ?

4.0 ስታዩ ደስ አይበላችሁ። በጀርመን 1.0 ከሁሉ የላቀው ነው፣ 4.0 ለጥቂት ማለፍ ነው፣ 5.0 መውደቅ ነው። ‹የባቫሪያ ቀመር› በሚባለው ሲቀየር፣ በእኛ 4.0 ሙሉ፣ 2.0 ማለፊያ ሆኖ፣ ጅማ ላይ 3.5 ያለው ተማሪ በእነሱ 1.75 ይሆናል፦ ከ4 ላይ 3.5 ሲቀነስ 0.5፣ ለ2 ሲካፈል 0.25፣ በ3 ሲባዛ 0.75፣ 1 ሲደመር 1.75። ትራንስክሪፕቱ ከመለኪያው መግለጫ ጋር እንዲላክ ጠይቁ፤ ያለ መግለጫ 1.3 የሚል ውጤት ያየ ሰው የወደቃችሁ ሊመስለው ይችላል።

ኮርሱ የሚያዝላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት እናንተ፣ ጅማና ሙኒክ በፈረማችሁት የትምህርት ስምምነት ውስጥ ካለ ነው። የትኛው የሙኒክ ኮርስ የትኛውን የጅማ ኮርስ እንደሚተካ ኮዱ ተጽፎ ይፈረም፤ የቃል ተስፋ ኃላፊ ሲቀየር ይጠፋል። እዚያ ደርሳችሁ ኮርስ ከቀየራችሁ ስምምነቱን በዚያው ሳምንት አሻሽላችሁ ለሁለቱም ላኩ። አንድ የአውሮፓ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ነው፣ ሙሉ ሴሚስተር 30 ክሬዲት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ 20 እስከ 24 ብትይዙ ይሻላል፣ ድጎማ ሰጪው የሚጠይቀው ዝቅተኛ መጠን እስከተሟላ ድረስ። ጅማ ያለው ምዝገባችሁ በምን መልክ እንደሚቆይም ከሬጅስትራር በጽሑፍ ያዙ፤ ያለ ወረቀት የቀረ ሰው ሲመለስ ትምህርት እንዳቋረጠ ሆኖ ይቆየዋል።

ልውውጡ ሲያልቅ እዚያው ዲግሪ ልቀጥል እችላለሁ?

ፈቃዱ የተሰጠው ለልውውጥ ነው። ለመቀጠል ዲግሪ የሚያስይዝ ትምህርት ላይ በራሳችሁ አመልክታችሁ ቅበላ ማግኘት፣ የኑሮ ገንዘቡን እንደገና ማሳየትና ፈቃዱ ከማለቁ በፊት የውጭ ዜጎች ቢሮ ማመልከት ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ከላይ ያልነው የትምህርት ክፍያም ሊመጣ ይችላል። የጅማውን ዲግሪ ሳይጨርሱ መቅረት ግን ሁለት ጉዳት አለው። ግማሽ ዲግሪ ለማስተርስ አያስገባም፤ የተላከ ተማሪ ሳይመለስ ሲቀር ደግሞ ውሉ ሲታደስ የሚታየው ይህ ነው፣ የሚቀጥሉት ተማሪዎች ቦታ ይጠባል። ጨርሶ፣ ዲግሪ ይዞ፣ ለማስተርስ ማመልከት የበለጠ የተከፈተ መንገድ ነው።

የምትመለሱ ከሆነ ከቤት ከመውጣታችሁ ከአንድ ሳምንት በፊት ጀምሮ፣ ከወጣችሁ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ የነዋሪነት ምዝገባውን አሰርዙ። የመድኑን፣ የሬዲዮውን፣ የስልኩንና የባቡሩን ውል የምትዘጉት በዚያ ወረቀት ነው። የባንክ ሒሳቡን ግን የቤት ዋስትናው እስኪመለስ አትዝጉ፤ ዋስትናው ከወጣችሁ ሁለትና ሦስት ወር ቆይቶ ሊመጣ ይችላል።